የማረቆ በርበሬ ዘር አልበቅል አለ፦ ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የአፈሩ?

ጓሮ ወዳድ (አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ)

ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር መጀመሪያ ላይ ሦስት ዓይነት ዘር በአንድ ቀን ዘርቼ ነበር፤ የሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ እንዲሁም ለቤት በርበሬ ከተገዛ ደረቅ የማረቆ ዛላ ውስጥ የለቀምኩትን ዘር። አፈሩ ለሦስቱም አንድ ነው፤ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ። ትሪዎቹ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣሉ። ጎመኑ ሳምንት ሳይሞላው ብቅ አለ፤ ሰላጣውም ብዙ አልዘገየም። በርበሬው ግን ወሩ እያለቀ ሳለ አንድም ቡቃያ አላሳየም። አንዱን ፍሬ ከአፈር አውጥቼ በጥፍሬ ስጫነው አልበሰበሰም፤ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሥር የማውጣት ምልክት አይታይበትም።

ዛላው በፀሐይ ሲደርቅ ዘሩ አብሮ ሞቶ ይሆን? አፈሩን ደፍቼ ከሱቅ የታሸገ ዘር ብገዛ ይሻለኛል ወይስ ልታገሥ? የሞከረ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ቁጠባ (አዲስ አበባ)

ይህን ሁሉ ከመጨነቅ የደረሰ ችግኝ ገዝቶ መትከል ይቀላል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፤ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ችግኝ አፍይዎች ገዝቼ ተክያለሁ፤ ጊዜም ቦታም አልወሰደብኝም። ዘር ማብቀል ሰፊ ጓሮ ላለው ሰው ነው።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ቢሾፍቱ)

እህቴ፣ አፈሩን አይድፉት። ከጻፉት ሁሉ ዋናውን ምልክት የሰጡን በርበሬው ሳይሆን ጎመኑ ነው። ጎመንና ሰላጣ የቀዝቃዛ ወቅት አትክልቶች ስለሆኑ አፈሩ ጥቂት ለብ ካለ ይበቅላሉ፤ እንዲያውም ሰላጣ አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅበት ለመብቀል እምቢ የሚል ዘር ነው። በርበሬ ግን መነሻው የአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች ናቸው፤ ዘሩ በሚገባ የሚነቃው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። በዚያ ሙቀት ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ በ15 ዲግሪ አካባቢ ሳምንታት ይጎትታል፤ ከዚያ በታች ሲሆን ዝም ብሎ ይተኛል።

አሁን የሽሮ ሜዳን ሌሊት ያስቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ የሌሊት ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲጠጉ ደግሞ ይብሳል። ጥልቀት የሌለው የፕላስቲክ ትሪ የቀኑን ሙቀት ይዞ የሚያድር አፈር የለውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይበርዳል። ጠዋትና ማታ የቧንቧ ውሃ ሲጨመርበትም ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ አፈር ውሃው ሲተን ሙቀቱን አብሮ ያስወጣልና። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ በረንዳው ሞቅ ማለቱ አያታልልዎ። ለዘሩ የሚቆጠርለት የአፈሩ ሙቀት ነው፤ እሱም ሌሊቱን ጨምሮ።

ስለ ዛላው የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ተክሉ ላይ በደንብ ቀልቶ የተለቀመና በፀሐይ የደረቀ ዛላ ዘሩ ብዙ ጊዜ ሕያው ነው። ዘሩን የሚገድለው ዛላው ሳይበስል መለቀሙ፣ እርጥቡን ተከምሮ መሻገቱ ወይም ለማድረቅ ተብሎ እሳት አጠገብ መቆየቱ ነው። ዛላ ሲመርጡ ያልተሰበረ፣ ውስጡ ሻጋታ የሌለበት፣ ዘሩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ የሆነውን ይውሰዱ፤ የጠቆረውንና የተጨማደደውን ይተዉት።

ከመገመት ግን መፈተሽ ይሻላል። ከዚያው ዛላ 20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ወይም በሶፍት ወረቀት ላይ ሳይነካኩ ይደርድሩ፤ ጨርቁ ይርጠብ እንጂ ሲጨመቅ ውሃ አይንጠብጠብ። ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ያድርጉት፤ አፉን አጥብቀው አይሰሩት፤ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡትና በየሁለት ቀኑ ገልጠው ይዩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሥር ካወጣ ዘሩ ጤነኛ ነው፤ ከሩብ በታች ከሆነ ሌላ ዘር ይፈልጉ። ሥር ያወጡትን አይጣሏቸው፤ ሥሩ ሳይረዝም በጥንቃቄ አንሥተው ወደ አፈር ይመልሷቸው።

ለወንድሜ ለቁጠባ፦ ችግኝ መግዛቱን አልቃወምም፤ የእኔም እንጀራ እሱ ነው። ነገር ግን የገዙት ችግኝ ማረቆ ይሁን ሌላ፣ ፍሬ እስኪይዝ ድረስ በምን ያውቃሉ?

ጓሮ ወዳድ (አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለ ሌሊቱ ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር። የጨርቁን ፍተሻ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ቤታችን ግን ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የማሞቂያ መሣሪያም የለኝም። ሞቅ ያለ ቦታ ስትሉ የት ማለታችሁ ነው?

እትዬ ጤናዳም (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ ከሽሮ ሜዳ የባሰ ብርድ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ለጠላ ብቅል ያበቀለ ቤት ዘር ማብቀልን ያውቃል፤ ገብሱን ዘፍዝፈሽ ስታበቂ ውሃውን ታጠልያለሽ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለሽ ከላይ ትጫኝዋለሽ፣ ሞቅ ያለ ጥግ ታኖሪዋለሽ። ውሃው ውስጥ የተተወ ገብስ ይሸታል እንጂ አይበቅልም፤ ዘር ሲነሣ ይተነፍሳልና አየር ይሻል። የበርበሬውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጠዋትና ማታ ማጠጣትሽን ተዪ። የአፈሩ ፊት መድረቅ ሲጀምር ብቻ ለብ ባለ ውሃ እርጪለት፤ ትሪውን በላስቲክ ብትሸፍኚው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማርጠብ አያስፈልግሽም።

ቦታን በተመለከተ እኔ የማስቀምጠው ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ወደ ኋላ በኩል ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ያለማቋረጥ ለብ ይላል። እንጀራ በተጋገረ ቀን ምጣዱ ከበረደ በኋላ አጠገቡ አኖረዋለሁ። ዘሩ እስኪነሣ ድረስ ብርሃን አያስፈልገውም፤ አንገቱን ያወጣ ዕለት ግን ወደ መስኮት አውጪው፤ አንድ ቀን እንኳ ጨለማ ውስጥ ካደረ እንደ ክር ቀጥኖ ይረዝማል።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ቢሾፍቱ)

እትዬ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ በምጣዱ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከ35 ዲግሪ በላይ መቆየት የበርበሬን ዘር ይጎዳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከጠፋም በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ሙቀት ይይዛል። የትሪውን ሥር በእጅ መዳፍ ሲነኩት ለብ ያለ እንጂ የሚሞቅ ሊሆን አይገባም።

ስለ ዝግጅቱ ካነሣን ደግሞ፣ የበርበሬን ዘር ለአንድ ሌሊት ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ ጥቂት ያፋጥነዋል፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ግን እትዬ እንዳሉት ማፈን ነው። በሶብላን ከቶ አይዘፍዝፉ፤ ዘሩ ውሃ ሲነካው ዙሪያውን የሚያዳልጥ ልባስ አውጥቶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ለመዝራት ያስቸግራል። የፓፓያ ዘር ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ የከበበውን ልዝብ ከረጢት በወንፊት ላይ አሽተው ካላጠቡለት ያ ልባስ ራሱ መብቀሉን ያግደዋል። የግራር ዘር ደግሞ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ፣ ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውሃ ውስጥ ጨምሮ እስኪነጋ መተው የተለመደ የችግኝ ጣቢያ ሥራ ነው። ሁሉንም ዘር በአንድ ሥርዓት ማስተናገድ አይቻልም።

ጥልቀቱን በተመለከተ ዘሩ ከውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በላይ ሊቀበር አይገባም። ለበርበሬና ለቲማቲም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሰላጣና በሶብላ ብርሃን ቢያገኙ ስለሚመርጡ አፈር ላይ ተበትነው በእጅ ጫን ጫን ማድረግ በቂ ነው፤ ብቻ የሰላጣን ዘር ጉንዳን አንድ በአንድ ለቅሞ ይወስደዋልና ትሪውን መሬት ላይ አያኑሩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ (ሜሪላንድ)

እኛ እዚህ የምንቸገረው በተቃራኒው በኩል ነው። ቤቱ በክረምት ስለሚሞቅ ዘሩ በደስታ ይበቅላል፤ ከበቀለ በኋላ ግን ብርሃን አያገኝም። በማርች መጀመሪያ የሚዘራ በርበሬ ወደ ውጭ የሚወጣው በሜይ አጋማሽ ነው፤ በእኛ አካባቢ ውርጩ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በኤፕሪል አጋማሽ ቢሆንም በርበሬ ቀዝቃዛውን ሌሊት ጭምር ስለማይወድ አንድ ወር ያህል መጠበቅ ይሻላል። በዚያ መካከል በመስኮት ብርሃን ብቻ ያደገ ችግኝ ቀጥኖ ይዘነበላል። ስለዚህ ተራ የኤልኢዲ መብራት ከችግኙ አናት ጥቂት ከፍ አድርጌ ሰቅዬ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አበራለታለሁ፤ ውድ የሆነውን ሐምራዊ መብራት መግዛት አያስፈልግም።

ዘር ለሚፈልጉ የአገሬ ልጆች አንድ ነገር ልጠቁም። በሐበሻ ሱቆች የሚሸጠው ደረቅ የበሶብላ አበባ ውስጥ፣ ካልተፈጨ፣ ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች አሉ፤ በመዳፍ አሽተው ገለባውን እፍ ቢሉት ዘሩ ይቀራል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ይበቅላሉ። ድንብላልም እንዲሁ ይበቅላል፤ እያንዳንዱ ክብ ፍሬ በውስጡ ሁለት ዘር ስለያዘ ቀስ አድርጎ መክፈል ይረዳል። ሆኖም እዚህ አገር የሚሸጥ ቅመም አንዳንዱ ተሕዋስያን እንዲሞቱበት በእንፋሎት ወይም በጨረር የታከመ ስለሆነ ከመዝራት በፊት የጨርቁን ፍተሻ ማድረግ ግድ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ ለመዝራት የታሰበ ዘር ደግሞ የዕፅዋት ጤንነት ማረጋገጫ ሰነድ ወይም የአነስተኛ መጠን ዘር ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ሳያሳውቁ ማለፍ መወረስን ያስከትላል። ኮሰረትና ጤና አዳም የሚፈልግ ሰው ከዘር ይልቅ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ቆርጦ ቢተክል ይሻለዋል፤ የጤና አዳም ዘር ቀስ ብሎና ተለያይቶ ነው የሚወጣው።

ተመልካች (አዳማ)

ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነገር ልመልስ፤ የታሸገ ዘር የግድ የተሻለ አይደለም። ከበርበሬ ማረቆ ፋናና ባኮ ሎካል፣ ከቲማቲምም እንደ መልካሾላ ያሉት በምርምር የተለቀቁ ዝርያዎች ዘራቸው ከዓመት ዓመት ተለቅሞ ሊዘራ የሚችል ነው። ከውጭ የሚገቡት ብዙዎቹ የቲማቲም ዘሮች ግን ድቅል ናቸው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ዘር ለቅመው ቢዘሩ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ዘግይቶ የሚደርስ ይሆናል። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን የድቅል ባሕርይ ነው፤ ሻጩ ሳይነግር መሸጡ ግን ያስወቅሰዋል። ማሸጊያው ላይ ዘሩ የታሸገበትን ዓመት ይመልከቱ፤ የሽንኩርት ዘር በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይደክማል፤ የበርበሬ ዘር ሁለትና ሦስት ዓመት፣ የጎመንና የቲማቲም ደግሞ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

ከራስዎ ጓሮ ዘር ለመያዝ ካሰቡ፣ የፈረንጅ ቃሪያ ከማረቆው አጠገብ አይትከሉ። ንቦች ያዳቅሏቸዋል፤ የዘንድሮው ፍሬ ጣዕሙ አይለወጥም፤ ከዘሩ የሚበቅለው የከርሞው ግን ይቀየጣል።

እትዬ ጤናዳም (ደብረ ብርሃን)

ዘር መያዝ ካነሣችሁ፣ እናቶቻችን ዘር የሚያኖሩት በቅል ከአመድ ጋር ቀላቅለው ከምድጃው በላይ በመስቀል ነበር። አመዱ እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ጪሱ ነቀዝ ያባርራል። ዛሬ ማን ምድጃ አለው፤ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ፣ እሱን ደግሞ ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከጥቂት ደረቅ ሩዝ ጋር አኑሩት።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ቢሾፍቱ)

አመዱ ሥራ ነበረው እትዬ፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። በዘር ሥራ የታወቀ መለኪያ አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የሚቀመጥበት ቦታ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፣ ዕድሜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ግን መድረቅን ለሚችሉ ዘሮች ነው።

ከጅማ

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር፤ ቡና እንደዚያ አይደለም። ከሱቅ ጥሬ ቡና ገዝተው አፈር ውስጥ ቀብረው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ የቡና ዘር ከደረቀና ወራት ከቆየ ይሞታል። የቀላ እሸት ቡና ለቅሞ፣ ሥጋውን አላቅቆ፣ በጥላ አናፍሶ ወዲያው መዝራት ነው፤ የላይኛውን ደረቅ ቅርፊት በጥንቃቄ ማውለቅም ያፋጥነዋል። እንዲያም ሆኖ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የእህል ዘርን በማቀዝቀዣ ክፍል ሲያኖር የቡናን ዝርያዎች ግን እዚሁ ጅማ ዞን ጮጬ ላይ ቆመው በሚያድጉ ዛፎች የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጓሮ ወዳድ (አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ)

ውጤቱን ላሳውቅ። በጨርቁ ውስጥ ከነበረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሥር አወጣ፤ ስለዚህ ዛላው ንጹሕ ነው። የበረንዳውንም ትሪ ላስቲክ አልብሼ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ወሰድኩት፤ ተኝቶ የነበረው ዘር ሁሉም ባይሆን ብዙው ተነሣ። አሁን በመስኮት ሥር ነው ያለው። አዲስ ችግር ግን ገጠመኝ፤ ትናንት ቀጥ ብለው የነበሩ ቡቃያዎች ዛሬ ጠዋት በአንድ ጥግ በኩል ተኝተዋል፤ ሥራቸው አጠገብ ግንዱ ቀጥኖ ውሃ የነካው ክር መስሏል። ቅጠላቸው ግን ገና አረንጓዴ ነው። ነፍሳት ናቸው ወይስ በሽታ?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ቢሾፍቱ)

በሽታ ነው፤ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና ፈንገስ መሰል ተሕዋስያን የሚያመጡት፣ ችግኝ ጣቢያዎችን ሁሉ የሚያስመርር በሽታ። የተኙት አይድኑም። ከነአፈራቸው በማንኪያ አንሥተው ያውጧቸው፤ ዙሪያቸው ያሉትን ጤነኛ የሚመስሉትንም ጥቂት ጨምረው ያንሡ። ከዚያ ላስቲኩን ፈጽመው ያስወግዱ፤ ላስቲክ ለመብቀያ እንጂ ለማሳደጊያ አይሆንም። አየር እንዲዘዋወር መስኮቱን ቀን ቀን ገርበብ ያድርጉት፤ ተጨናንቀው የበቀሉትን በመቀስ ከሥራቸው እየቆረጡ ያሳሱ፤ ቢነቅሏቸው የጎረቤታቸውን ሥር ያናጋሉ። ውሃውን ከላይ ማፍሰሱን ትተው፣ ሥሩ የተበሳውን ትሪ ውሃ ባለበት ሰፊ ሣህን ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው ከሥር እንዲመጥ ያድርጉ፤ የአፈሩ ፊት ደረቅ ሆኖ ይቆይ።

ለሚቀጥለው ጊዜ አፈሩን ከመዝራትዎ በፊት የፈላ ውሃ አፍስሰውበት ሸፍነው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት፤ ሁሉንም ተሕዋስያን ባይገድልም ብዙውን ይቀንሳል። የጓሮ አፈሩንም መጠን ይቀንሱና አሸዋውን ይጨምሩ። ለዘር መብቀያ ፍግ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ዘሩ የመጀመሪያውን ስንቅ በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያልተብላላ ፍግ ከሆነማ ሥሩን ያቃጥላል። ፍጉ የሚያስፈልገው እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጣውን) ሲያወጣና ወደ ትልቅ ዕቃ ሲዛወር ነው።

ጓሮ ወዳድ (አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ)

እንዳሉት አድርጌያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የወደቀ የለም። የቀሩት ሁለት ሁለት እውነተኛ ቅጠል ይዘዋል። ለጓሮው መደብ አዘጋጅቻለሁ፤ መቼ ልትከላቸው?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ቢሾፍቱ)

አሁን ወደ መደብ አያውጧቸው። መጀመሪያ እያንዳንዳቸውን ወደ ትንሽ ዕቃ ያዛውሩ፤ ሲያነሡ በቅጠላቸው እንጂ በግንዳቸው አይያዙ፤ ግንዱ ከተቀጨ ተተኪ የለውም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመትና አምስት ስድስት ቅጠል ሲኖራቸው ለመትከል ደረሱ ይባላል። ከዚያ በፊት ለሳምንት ያህል ውሃውን ቀነስ እያደረጉ መጀመሪያ በጥላ፣ ቀጥሎ በጠዋት ፀሐይ፣ በመጨረሻም ቀኑን ሙሉ ውጭ በማዋል ያጠንክሯቸው። መደብ ላይ የሚተከል በርበሬ በመሥመር መካከል 70፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሰጠዋል፤ ተከላውም ፀሐይ ሲበርድ ወደ ማታ ቢሆን ይመረጣል።

በእርስዎ ቦታ ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። ማረቆ ከሽሮ ሜዳ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ ሞቃት አገር ነው፤ እዚያ የለመደ ዝርያ በእንጦጦ ሥር መደብ ላይ ቢተከል እሸት ቃሪያ ይሰጥዎታል፤ ቀልቶ ለዛላ እስኪደርቅ ግን ብርዱና ቀጥሎ የሚመጣው ክረምት ይቀድሙታል። መደቡን ለጎመኑ ይስጡትና በርበሬውን ሥሩ በተበሳና አናቱ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ውስጥ ይትከሉት። ለአንድ ተክል ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚይዝ ይበቃል፤ እዚህ ላይ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ ይጨምሩ። ጄሪካኑን የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግንብ ጋር ያስጠጉት፤ ግንቡ ሌሊቱን ሙቀት ይለቅለታል። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ወደ በረንዳ ጥላ ሥር ሊያስገቡት ይችላሉ።

ጓሮ ወዳድ (አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ)

ጄሪካን አላጣም፤ ግንቡም አለ። ቀዳዳው ስንት ይሁን?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ቢሾፍቱ)

ከሥሩ አምስት ስድስት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ የትንሽ ጣት ስፋት ያለው። አፈሩ እንዳይፈስስ ከቀዳዳው በላይ ጠጠር ሳይሆን አንድ ቁራጭ ጆንያ ያንጥፉበት፤ ጠጠሩ ለሥሩ የሚሆነውን ቦታ ይሻማዋል።